ሬሳ ስልክ አያነሳም

እኔ አንድ ጊዜ ሞቼ አውቃለሁ። ቦታው ሆሳዕና፣ ሰዓቱ ከሻይ እረፍት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ምክንያቱ ደግሞ የትምህርት ጥራት ነው። ሰው በወባ ይሞታል፣ በመኪና አደጋ ይሞታል፤ በትምህርት ጥራት የሞተ ግን ከእኔ በፊት ሰምቼ አላውቅም። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ብቻ ከሥር መሠረቱ ካልጀመርኩ ስለማይገባችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

የሂሳብ መምህር ነኝ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አስተምር ነበር። በእኛ ከተማ የሂሳብ መምህር እንዴት እንደሚከበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ባጃጅ ሹፌሩ "ቲቸር፣ ይግቡ ይግቡ" ብሎ ሌላውን ሰው ያስጠጋል። ሠርግ ላይ ወንበርህ ከፓስተሩ ቀጥሎ ነው። እኔም ይህንን ክብር ኮቴ የደረት ኪስ ላይ ከሰካኋት ቀይ እስክሪብቶ ጋር ይዤው ስዞር ነው የኖርኩት። በሰላም ነበር የምኖረው ማለት ነው።

አንድ ቀን የኦ ክፍል መምህርታችን ወለደች። ለማታውቁት፣ ኦ ክፍል ማለት ሕፃናት አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት የሚቀመጡበት ክፍል ነው፤ ይቀመጡበታል የተባለው በወረቀት ላይ ነው እንጂ እንኳን ዓመት አንድ ደቂቃም አይቀመጡም። ዳይሬክተራችን አቶ ደሳለኝ ቢሯቸው ጠሩኝና፣ "መምህር፣ ለጊዜው ኦ ክፍልን ያዝልኝ" አሉኝ።

"ለጊዜው" የሚለውን ቃል እፈራዋለሁ። የትምህርት ቤታችን አጥር ለጊዜው ተብሎ በቆርቆሮ የታጠረው እኔ ገና ስቀጠር ነው፤ ዛሬም ንፋስ በመጣ ቁጥር ያጨበጭባል። መምህርቷም ፈቃዷን ጨርሳ ስትመለስ ቤቷ አጠገብ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረች። እኔ ከነቀይ እስክሪብቶዬ ኦ ክፍል ቀረሁ።

ውርደቱን እንዴት ልግለጽላችሁ? የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በመስኮት እያዩኝ አሞራ ሆኜ ክንፌን አራግባለሁ። መምህራን ማረፊያ ስገባ ጓደኛዬ ታምራት፣ "ዛሬ ስንት ንፍጥ ጠረግህ?" ይለኛል። ባጃጅ ሹፌሩ እንኳ ሰምቶ ኖሮ ለእኔ ብሎ ሰው ማስጠጋቱን ተወ። ስለዚህ በየሳምንቱ አቶ ደሳለኝ ቢሮ እየገባሁ ሰባተኛ ክፍሌን እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ፤ እሳቸውም በየሳምንቱ "እናያለን" ይላሉ።

አንድ ሰኞ ግን ራሳቸው አስጠሩኝ። "ስማ፣ ከዞን ባለሙያ ሊመጡ ነው። በጨዋታ ማስተማርን ነው የሚያዩት። ካሳመርክልኝ ሰባተኛ ክፍልህ ያንተ ነው" አሉኝ። ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ ለራሴ ፉጨት እያፏጨሁ ነበር። አንድ ጥሩ ቀን ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

በጨዋታ ማስተማር ላይ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ አልወሰድኩም አልልም። አሠልጣኙ "ሕፃን ልጅ ተቀምጦ አይማርም፣ መንቀሳቀስ አለበት፣ ነፃነት አለበት" እያለ ከጠዋት እስከ ማታ ጠንካራ አግዳሚ ላይ አስቀምጦን ዋለ። አንዲት መምህርት ወገቧን አሟት ብትነሳ "እባክሽ ትኩረት" አላት። ያም ሆነ ይህ ሦስት ነገር ይዤ ተመለስኩ። ልጅ ሲጫወት መምህሩ መሳተፍ አለበት፤ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ ጨዋታውን ወደ ትምህርት መምራት አለበት።

እኔም ተሳተፍኩ። ልጆቹ ክፍሉ ጥግ ላይ ዕቃ ዕቃ ይጫወታሉ፤ ሄጄ በመሐላቸው ቁጢጥ እልና፣ "ይህ ሲኒ ምን ዓይነት ቀለም ነው?" እላለሁ። ዝም። "ስንት ሲኒ አለን? አብረን እንቁጠር!" እላለሁ። ሲኒውን ቁጭ አድርገው አንድ በአንድ ይሄዱና ሌላ ጥግ ላይ ይጀምራሉ። እከተላቸዋለሁ። ሱቅ ከፍተው ጠጠር በቅጠል ሲሸጡ ባገኛቸው፣ "አንዱ ጠጠር ሁለት ቅጠል ከሆነ ሦስቱ ስንት ይሆናል?" ብዬ ገባሁ። ሱቁ ወዲያው ተዘጋ። እንደዚያ በፍጥነት የተዘጋ ሱቅ የገቢዎች ሰው ሲመጣም አላየሁም።

ናሆም የሚባል ጥርሱ የወለቀ ልጅ አለ፤ ጠራሁትና፣ "ለምንድነው ስመጣ የምታቆሙት?" አልኩት።

"እየተጫወትን ነበረ" አለኝ፤ "ከዚያ አንተ ስትመጣ ትምህርት ሆነ።"

ወላጆቹ ደግሞ በሌላ በኩል ይዘውኛል። የቤቴል አባት መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አላቸው፤ ባለፍኩ ቁጥር በር ላይ ያስቆሙኛል። "ቲቸር፣ ልጄ ምን ሠራሽ ስላት ተጫወትኩ ነው የምትለኝ። ጨዋታማ እዚህም አለ፤ ደጄ ላይ እያየኋት በነፃ ትጫወታለች። እርስዎ ያስጽፉልኝ!" ይላሉ። ዞን አጫውት ይላል፤ ወላጅ አስጽፍ ይላል፤ ልጆቹ ደግሞ ሂድልን ይላሉ። እኔ በመሐል ሰባተኛ ክፍሌን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ባለሙያዋ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። አቶ ደሳለኝ ለክብሩ ሲሉ ከሀ እስከ ፐ የታተመበት ትልቅ ሸራ አስመጥተው በጠዋት አስረከቡኝና እንግዳዋን ሊቀበሉ መናኸሪያ ሄዱ። ልጆቹን ሰበሰብኳቸው። ብልጠቴን ተመልከቱ፤ እኔ የማወጣው ጨዋታ እንደማይሠራ ስለገባኝ፣ "ዛሬ ጨዋታውን እናንተ ምረጡ፤ እኔም የምትሰጡኝን ቦታ እይዛለሁ" አልኳቸው።

ተመካከሩ። ሆሳዕና የሚኖር የአምስት ዓመት ልጅ እናቱ አዝላው፣ ጎረቤት ይዞት፣ ስንት ለቅሶ እንደሚደርስ አስቡት። በዚያ ሳምንት ደግሞ እዚያው ሰፈር አንድ ሽማግሌ አርፈው ድንኳኑ ገና አልተነሳም ነበር።

"ለቅሶ ለቅሶ እንጫወት" አለች ቤቴል። ቤቴል ትንሽ ናት፤ ድምፅዋ ግን የትልቅ ሰው ነው። ክፍሉን የምመራው እኔ ነኝ ብዬ የማስበው እሷ በሌለችበት ቀን ነው።

"እሺ፣ እኔ ምን ልሁን? ሽማግሌ? ፓስተር?"

ሁሉም ተያዩ። ቤቴል በርኅራኄ አየችኝ። "ቲቸር፣ አንተ ሙት ሁን።"

"ለምን እኔ?"

"ሙት አይጠይቅም" አለች።

ይኸውላችሁ፣ የሥልጠናው ጽሑፍ ሁሉ ያልነገረኝን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ። ከእኔ ጋር መጫወት ይፈልጋሉ፤ ከነአፌ ግን አይፈልጉም። ደግሞም ወገቤን ያመኝ ስለነበር መተኛቱን አልጠላሁትም። ምንጣፉ ላይ ተዘረጋሁ። የአቶ ደሳለኝን አዲስ ሸራ ጎትተው አለበሱኝ። ከሀ እስከ ፐ ተከናነብኩ፤ ጫማዬ ብቻ በፐ በኩል ብቅ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሸራው የማሰሪያ ቀዳዳ አየሁት። መጋረጃውን አውርደው በወንበሮች ላይ ዘርግተው ድንኳን ተከሉ። ቤቴል የእድር ሰብሳቢ ሆነች፤ የዘገየ ሰው ላይ ትጮኻለች። ናሆም ፓስተር ሆኖ ቆመና፣ "ወገኖቼ፣ አጭር ቃል ነው የማካፍላችሁ" አለ፤ ልክ እንደ ትልልቆቹ አላበቃም። ሳሮን ከአንጋጫ የመጣች ዘመድ ናት ተብላ በሩ ላይ ስትደርስ እሪ አለች፤ ከገባች በኋላ ግን ዕንባዋን ጠርጋ አጠገቧ ላለችው፣ "መሬት በእናንተ በኩል እንዴት ነው?" አለቻት። ሁለት ወንዶች ጥግ ላይ ተቀምጠው ስልክ እንደሚነካኩ ሆነው እንጨት ይነካካሉ። አንዱ፣ "ኔትወርክ የለም" ይላል።

በክፍል ውስጥ ስጠይቃቸው አንድ ቃል የማይወጣቸው ልጆች በሀዲይኛና በአማርኛ እየቀላቀሉ እንደ ጠበቃ ይከራከራሉ። ከውጭ ያመጡትን ጭቃ ቆጮ ነው አሉና በእንሰት ቅጠል ላይ አሰናዱት። እንግዳው ከቆጮው በዛ። ቤቴል አንዱን ለሁለት ከፈለችው፤ አልበቃም፤ ግማሹን ደግማ ለሁለት ከፈለችው። "ግማሽ ያልደረሰው የግማሽ ግማሽ ይብላ" አለች። እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ያደረስኳቸው ስንት ጎረምሶች ይህችን ክፍልፋይ እንቢ ብለውኝ ነበር! ብድግ ብዬ "ሩብ! ሩብ ነው የሚባለው!" ልል አፌን ስከፍት ቤቴል አየችኝ። "ሙት!" አለችኝ በጣቷ እያስፈራራች። አፌን ዘጋሁ። እንደዚያ ቀን ዝም ብዬ ያየሁበት፣ እንደዚያ ቀንም ብዙ ያየሁበት ጊዜ የለም።

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። ሆመቾ ያለችው አክስቴ ማርታ ናት፤ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ደውላ ቁርስ መብላቴን ታጣራለች። እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ቤቴል ቀደመችኝ።

"ሬሳ ስልክ አያነሳም" አለችና ስልኩን ወስዳ ራሷ አነሳችው። "ሃሎ? ቲቸር የለም። ሞቷል። አዎ፣ እያለቀስን ነው።" ለምስክርነት ስልኩን ወደ ለቀስተኞቹ ዞር አደረገችው፤ ሳሮን ከአንጋጫ የመጣችበትን ለቅሶ ሙሉ በሙሉ ለቀቀችው። "ቻው" አለች ቤቴል፤ ዘጋችው።

አክስቴ የልጅ ቀልድ ትለያለች ብዬ ተውኩት። ቆይቼ ደውዬ አስቃታለሁ አልኩ። ያን ጊዜ ነበር መነሳት የነበረብኝ፤ አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ልመታው ይቃጣኛል።

ከዚያ ጥበቃችን አቶ ኤርጫፎ በመስኮት አለፉ። ወደ ውስጥ ሲያዩ ሕፃናት ከብበው እያለቀሱ፣ ሰው ተሸፍኖ፣ ከሸራው ሥር የእኔ ጫማ ብቅ ብሎ አገኙ። እንግዲህ ማንም ሰው ቢሆን ሮጦ ገብቶ ትንፋሽ አለው ወይ ብሎ ያያል አይደል? አቶ ኤርጫፎ አልገቡም። በእኛ ከተማ ሰው ሲሞት የሚሮጠው ወደ ሬሳው አይደለም፤ ወደ እድሩ ነው። ሬሳው የትም አይሄድም፤ እድሩ ግን ቶሎ ካልተነገረው ይቀየማል። አቶ ኤርጫፎ ደግሞ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ናቸው።

ጥሩንባው ሲነፋ ከሸራዬ ሥር ሰማሁት። "ምስኪን፣ ማን ይሆን?" አልኩ በሆዴ። "ማታ ከሥራ ስወጣ ለአፍታ ደርሼ እመለሳለሁ" ብዬም ወሰንኩ። ከዚያ፣ እውነቱን ልናገር፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ኦ ክፍል ከያዝኩ ጀምሮ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም ነበር።

ምን ያህል እንደተኛሁ አላውቅም፤ የነቃሁት በለቅሶ ነው። "ሳሮን ድምፅዋ ጎለመሰ" ብዬ አደነቅሁ። ቀጥሎ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ "ወገኖቼ፣ አጭር ቃል ነው የማካፍላችሁ" አለ። ናሆምም ጎለመሰ? በቀዳዳው አየሁ። ጫማ። ብዙ ጫማ። ትልልቅ፣ ጭቃ የያዙ፣ የአዋቂ ጫማዎች።

ሰፈሩ ሙሉ ክፍሌ ውስጥ ነበር። እድሩ ድንኳኑን ተሸክሞ መጥቶ ውጭ ሜዳው ላይ ይተክላል። ወንዶቹ ልጆቹ በሠሯት ትንሽ ድንኳን ዙሪያ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ወደ እኔ የቀረበ ግን የለም፤ ቤቴል እጇን ዘርግታ፣ "በወረፋ! እድሩ ሳይጨርስ ሬሳ አይነካም!" እያለች ታግዳለች፤ ሰውም በሐዘን ላይ ስለሆነ የታዘዘውን ያደርጋል። የቤቴል አባት ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው፣ "እንዴት አድርጎ ነበር የሚያስጽፋት!" እያሉ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ጽፋም አታውቅ! ያ ንፍጥ ስንት ጠረግህ የሚለኝ ታምራት ደግሞ፣ "ሕፃናትን እንደ እሱ የሚወድ አልነበረም፤ በራሱ ፈቃድ ነው ኦ ክፍልን የያዘው" ብሎ መሰከረ።

አቶ ደሳለኝ ከዞን የመጡትን ባለሙያ ይዘው በሩ ላይ ብቅ ሲሉ ይህ ሁሉ ሰው ጠበቃቸው። ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ዳይሬክተር ናቸውና ሳይዘጋጁም ቢሆን መናገር ነበረባቸው። "በድንገት ተለየን" አሉ። "ዛሬ ጠዋት ከእኔ ጋር ነበር። ሰባተኛ ክፍልን ልመልስለት ነበር።" ይህን ስሰማ ልነሳ ነበር። እውነት ለመናገር ይህን ቃል በምስክር ፊት እንዲደግሙት ፈልጌ ትንሽ ቆየሁ።

ያኔ የአክስቴ ድምፅ ከውጭ መጣ። ከሆመቾ ሚኒባስ ሞልታ ጎረቤቷን ይዛ ነበር የመጣችው። ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ደግፈዋት፣ ነጠላዋ መሬት እየጎተተ፣ "ልጄን! ቁርስ ሳይበላ! ልጄን!" እያለች ገባች። ሳቄ ሁሉ ጠፋ። ያቺ ሴት ለእናቴ እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አውቃለሁ።

ሸራውን ገፍፌ ተነሳሁ።

የሆነውን ትርምስ ልንገራችሁ? ፓስተሩ ትንሣኤን ሁልጊዜ ነው የሚሰብኩት፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩትን ነገር ፊት ለፊት ሲያዩት ግን በመስኮት ነው የወጡት። ታምራት በሩ ላይ ከለቀስተኞቹ ጋር ተጣበቀ። አቶ ኤርጫፎ ጥሩንባቸውን ጥለው ሮጡ። ባዶ ክፍል ውስጥ እኔ፣ ልጆቹ፣ አክስቴና ሸራው ቀረን። ቤቴል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "ቲቸር! ገና አልቀበርንህም እኮ!" አለች።

አክስቴ መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። ግንባሬን ነካች፣ ጉንጬን ነካች። ከዚያ በጥፊ አጮለችኝ። ከዚያ አቅፋኝ በደረቴ ላይ አለቀሰች። "ቁርስ በልተሃል?" አለችኝ።

"አልበላሁም" አልኳት። ሁለታችንም አለቀስን።

ሰው ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ መጀመሪያ ልጆቹ እንደማይሮጡ አይቶ፣ ቀጥሎ ተቆጥቶ። አንዳንዱ በእኔ፣ አንዳንዱ በአቶ ኤርጫፎ፣ የእድሩ ዳኛ ደግሞ ድንኳኑ አንዴ ከወጣ ሳይለቀስበት አይመለስም ብለው በሁላችንም ተቆጡ። እኔ ሰባተኛ ክፍልን በልቤ ቀበርኩት። አቶ ደሳለኝም ከንፈራቸውን ነክሰው እያዩኝ ነበር፤ ከዓይናቸው የሚወጣውን ባትጠይቁኝ ይሻላል።

ባለሙያዋ ግን ሕዝቡን ነው የሚያዩት። ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ሜዳውን አዩ፤ ሚኒባሱን አዩ። "አቶ ደሳለኝ፣ ይህን ሁሉ ወላጅና ማኅበረሰብ እንዴት አመጣችሁት?" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ለወላጆች ስብሰባ ስንጠራ ወላጅ ተብሎ የሚመጣው የቤቴል አባት ብቻ ነው፤ እሳቸውም የሚመጡት ለምን አታስጽፏትም ለማለት ነው። አቶ ደሳለኝ ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። "በዕቅድ ነው" አሉ።

"ሽማግሌዎች አሉ፣ የሃይማኖት አባት አሉ፣ እድሩ አለ፤ ልጆቹ ደግሞ ዋናውን ሚና ይዘዋል" አሉ ባለሙያዋ። "ጨዋታን ከማኅበረሰቡ ባህል ጋር ማስተሳሰር ስንል ይህንን ነበር። ሞዴል ክፍል ነው! ከጎረቤት ዞን የአንጋጫና የዶዮገና መምህራን ለልምድ ልውውጥ መጥተው ማየት አለባቸው። ይህን መምህር ደግሞ አደራ፣ ከዚህ ክፍል እንዳታነሱት!"

ሞቼም አልተሳካልኝም ማለት ነው። አሳምር፣ ካሳመርክ ትዛወራለህ ተባልኩ፤ አሳመርኩ፤ ስላሳመርኩ አትዛወርም ተባልኩ። ሴቶቹ ይዘውት የመጡት ቆጮና አይብ ሜዳው ላይ ቀረበና እኔም ከራሴ ለቅሶ በላሁ። ሬሳ የራሱን ለቅሶ ሲበላ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ ቆጮው ግን ጥሩ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራዬ መሞት ሆነ። አቶ ደሳለኝ ለለቅሶው ዕቅድ አወጡለት። ዓላማ ተጻፈለት፤ "ልጆች በለቅሶው መጨረሻ መደመርና መቀነስ ይችላሉ" የሚል። ድንኳኑ ከመጋረጃ ወደ እውነተኛ ሸራ አደገ። ጭቃው ለንጽሕና ሲባል ቀረና ከካርቶን የተቆረጠ ቆጮ መጣ። ናሆም የሚናገረው ተጽፎ ተሰጠው፤ ማንበብ ስለማይችል ታምራት እያነበበለት አጠናው። ሳሮን የት ጋ እንደምታለቅስ መሬቱ ላይ በኖራ ተሰመረላት። እኔ ብቻ ያው ነኝ፤ በመጀመሪያው ቀን እንደሞትኩት እንደዚያው እሞታለሁ። በየልምምዱ ግን በቀዳዳው የማየው ነገር እየቀነሰ ሄደ። ክርክሩ ጠፋ፤ ስለ መሬት የሚያወራ ጠፋ፤ ኔትወርክ የለም የሚል ጠፋ። ልጆቹ በኖራው ላይ ቆመው ዓይን ዓይኔን ያያሉ፤ እኔ ሬሳው ደግሞ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ። እንዲህ አዝኜ አላውቅም። በራሴ ለቅሶ ላይ በእውነት ያዘንኩት ያን ጊዜ ነው።

የልምድ ልውውጡ ቀን መጣ። የአንጋጫና የዶዮገና መምህራን በአግዳሚዎች ላይ ተደረደሩ። ባለሙያዋ መሐል ላይ፣ አቶ ደሳለኝ በአዲስ ከረባት ከጎናቸው። ተኛሁ፤ ከሀ እስከ ፐ ተሸፈንኩ። አቶ ደሳለኝ ጎንበስ ብለው በሸራው ላይ ሹክ አሉኝ። "ዛሬ ካበላሸህብኝ አበቃልህ። በማግስቱ ነው ሰባተኛ ክፍል የምወረውርህ።"

ጉድ እኮ ነው! ዓመት ሙሉ የለመንኩትን ነገር በዛቻ መልክ ሰጡኝ። ማበላሸት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

"በሉ ልጆች፣ ተጫወቱ!" አሉ አቶ ደሳለኝ እያጨበጨቡ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ልጆቹ በኖራው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። የቆርቆሮው አጥር ብቻ ያጨበጭባል። ቤቴል ወደ እኔ ተጠጋች፣ ሸራውን በትንሹ ገለጥ አደረገችና በጆሮዬ፣ "ቲቸር፣ ይሄን ስንጨርስ ወጥተን እንጫወታለን?" አለችኝ።

በዚያች ጥያቄ ውስጥ የሥልጠናው ሁሉ፣ የዕቅዱ ሁሉ፣ የእኔም ሁሉ ልክ ታየኝ።

"አሁኑኑ ውጡ" አልኳት።

ከሸራው ሥር ሬሳ ሲናገር የሰሙ የዶዮገና መምህራን ብድግ ብድግ አሉ። ልጆቹ ግን እንኳን ሊደነግጡ ዞር ብለውም አላዩም፤ በበሩ ተግተልትለው ወጡ። ወዲያው ከውጭ ጩኸትና ሳቅ ተሰማ፤ ጭቃ ሲቦካ ተሰማ፤ ሳሮን ማንን እንደሆነ እንጃ "መሬት በእናንተ በኩል እንዴት ነው?" ስትል ተሰማ። እንግዶቹ ሁሉ አንድ ትልቅ ሰው ፊደል ለብሶ ተጋድሞ ያዩ ነበር። አቶ ደሳለኝ ከረባታቸውን ላላ አደረጉ።

"ከነገ ጀምሮ" አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው፤ "ከነገ ጀምሮ ሰባተኛ ክፍል ነህ! አንተን ኦ ክፍል በር ላይ እንዳላይህ!"

ባለሙያዋ ምን እንዳሉ አላስታውስም። በሩ ላይ ቤቴል ቆማ ነበር፤ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው።

"ቲቸር፣ አንተ አትመጣም?"

"ምን ልሁን?" አልኳት። "ሙት ልሁን?"

አሰበች። ከሥር እስከ ላይ አየችኝ። "አይ፣ ዛሬ ዝም ብለህ ና" አለች።

ወጣሁ። ኮቴን አውልቄ ወጣሁ፤ ማንንም ምንም ሳልጠይቅ ጭቃ አቦካሁ፤ ቆጮዬ ተጣሞ ተሳቀብኝ።

በማግስቱ ማለዳ የእድሩን ዳኛ፣ ፓስተሩንና የቤቴልን አባት ይዤ አቶ ደሳለኝ ቤት በር ላይ ቆምኩ። ዓመት ሙሉ አዛውሩኝ ብሎ የለመነ ሰው እንዳይዛወር ሽማግሌ ላከ። አቶ ደሳለኝ ሽማግሌዎቹን ሰምተው ሲያበቁ፣ "እሺ፣ ለጊዜው" አሉ።

ሰባተኛ ክፍል እስከ ዛሬ የሂሳብ መምህር የለውም።